ለልጅቷ ማን ይንገራት?

በቨርጂኒያ ከሚገኙት አፓርታማዎች በአንዱ፣ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት የተላከ ደብዳቤ ለእናቷ ታነብላታለች። የቤቱ አስተርጓሚ እሷ ናት። የኪራይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ፣ የመብራት ሒሳብ ሲመጣ፣ ከኢሚግሬሽን ወረቀት ሲመጣ ገልብጣ የምትናገረው እሷ ስለሆነች ሥራውን ለምዳዋለች። የዚያን ቀኑን ደብዳቤ ግን ከመሐሉ ዘለለችው። ደብዳቤው ትምህርት ቤቱ በመጪው የጸደይ ወራት ለአምስተኛ ክፍል ሴቶች ልጆች በዚህ ዕድሜ በሰውነታቸው ላይ ስለሚደርሰው ለውጥና ስለ ወር አበባ ትምህርት እንደሚሰጥ ይገልጻል። ወላጅ የሚሰጠውን ትምህርት አስቀድሞ ማየት እንደሚችልና ልጁ እንዳይማር የሚፈልግ ካለ ፈርሞ እንዲመልስም ይጠይቃል። ልጅቷ ይህን ሁሉ በአማርኛ የምትልበት ቃል የላትም። ቢኖራትም በእናቷ ፊት አትደፍረውም። «ስለ ጤና ነው፤ ምንም አይደል» አለችና ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እናትም ልብሷን ቀይራ ወደ ማታ ሥራዋ ሄደች።

ትምህርቱ ለጸደይ ቢቀጠርም የልጅቷ ሰውነት እስከዚያ አልጠበቀም። በክረምቱ መሐል፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ነርስ ለእናትየው ስልክ ተደወለላት። እናት ከተነገራት ሁሉ «ደም» የሚለውን ቃል ብቻ ይዛ፣ ልጇ የተጎዳች መስሏት ሥራዋን ጥላ በረረች። ስትደርስ ልጇ በአንድ ጥግ፣ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ ዐይኗ በልቅሶ ቀልቶ አገኘቻት። ልጅቷ የታመመች መስሏት ነበር። መኪና ውስጥ ገብተው ግማሹን መንገድ ሳይነጋገሩ ሄዱ። እናት በመጨረሻ አፏን ስትከፍት የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከእንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ፣ ከወንድ ጋር መላፋት የለም።» ልጅቷ ከዚህ የተረዳችው አንድ ጥፋት እንደሠራች ብቻ ነው። ምን እንዳጠፋች ግን አልተነገራትም።

ይህ ታሪክ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌሎች ከተሞች ሴት ልጆች በሚያሳድጉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ በዚህም ሆነ በዚያ መልኩ የሚደርስ ነው። ይሁንና በታሪኩ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። እናት ልጇን የምትወድ፣ ለእሷ ስትል ሁለት ሥራ የምትሠራ ሴት ናት። ያልነገረቻት ንቃት ወይም ዘንግታት አይደለም። ለእሷም ማንም ስላልነገራት፣ እናትና ልጅ ይህን ጉዳይ በምን ቃል እንደሚጀምሩት አይታ አታውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣት ይኖርበታል። እናቷ ያልነገረቻት ያች እናት በልጅነቷ ነገሩን ከማን ሰማች? አብዛኞቹ የሚሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነው። ከታላቅ እህት፣ ከአክስት፣ ከጎረቤት ልጅ፣ ቤት ውስጥ ከምትሠራው ልጅ፣ አንድ ክፍል ከምትቀድም የትምህርት ቤት ጓደኛ። እናት ዝም ስትል ዝምታዋን የሚሸፍን ሌላ ሰው በግቢው ውስጥ ነበረ። ጨርቅ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚታጠብና የት እንደሚሰጣ፣ ሆድ ሲቆርጥ ምን እንደሚጠጣ የምታሳይ ሴት አትጠፋም ነበር። «ነውር ነው» ተብሎ በእናትና በልጅ መካከል የተጋረደው መጋረጃ ጎኑ ክፍት ነበር። አክስት በዚያ በኩል ትገባ ነበር።

ወደ ውጭ አገር በመጣው ቤተሰብ ውስጥ ግን ዝምታው ብቻ ተሻግሮ መጣ፤ አክስቷ አብራ አልመጣችም። ጎረቤቷ ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ናት፣ በሯም ዝግ ነው። ታላቅ እህት በሌለበት፣ አያት አገር ቤት ሆና በስልክ ብቻ በምትገናኝበት፣ እናትና አባት በፈረቃ እየተተካኩ በሚኖሩበት ቤት ውስጥ እናት ዝም ካለች ሌላ የሚናገር የለም። ወይም ደግሞ የሚናገረው ስልኩ ነው። ዛሬ የአሥር ዓመት ልጅ እጅ ውስጥ ያለው ስልክ ለጠየቀችው ሁሉ መልስ ይሰጣታል። ለመልሱ ግን ኃላፊነት አይወስድም።

በእርግጥ የአገር ቤቱም ሥርዓት ለሁሉም አልደረሰም። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ ለዚህ ምስክር ናቸው። በትግራይ ሲያድጉ በዚህ ጉዳይ የነበረውን ፍርሃትና ዕፍረት በራሳቸው ላይ ያዩት ፍሬወይኒ፣ አሜሪካ መጥተው በቴክሳስ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2009 መቀሌ ውስጥ እየታጠበ ደግሞ ደጋግሞ የሚያገለግል ሞዴስ የሚያመርት ፋብሪካ አቋቋሙ። ፋብሪካውንም በሴት ልጃቸው ስም «ማርያም ሰባ» ብለው ሰየሙት። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸልሟቸዋል። ከሥራቸው ዋነኛው ክፍል ሞዴሱ ብቻ አይደለም፤ ለተማሪዎች፣ ለሴቶቹም ለወንዶቹም፣ ጉዳዩ በግልጽ እንዲነገር መጣራቸውም ነው። አገር ቤት በክፍል ውስጥ በአደባባይ ሊነገር የቻለው ነገር በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎን ውስጥ እናትና ልጅ ብቻቸውን ተቀምጠው የማይነገርበት ምክንያት አይታይም።

ቋንቋውም ቢሆን አያሳፍርም። አማርኛ ይህን ነገር «የወር አበባ» ይለዋል። የቤተ ክህነት ሰዎች «ልማደ አንስት» ይሉታል፤ የሴቶች ልማድ ማለት ነው። «አደፍ» የሚለው ሦስተኛው ስም ነው እድፍን የሚያስታውሰው። ለልጅ ሲነገር ከሦስቱ አበባ ያለበትን መምረጥ የወላጅ ፈንታ ነው። አማርኛዋ የተሰበረ ልጅ እንኳ «አበባ» ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች።

«ገና ሕፃን ናት፤ አሁን መንገር ያለ ጊዜው ዐይኗን መክፈት ነው» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ከተፈጥሮ ጋር አይሄድም። የሕክምና ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት የሴት ልጅ ሰውነት መለወጥ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በአብዛኛው መጀመሪያ የሚታየው የጡት ማጎጥጎጥ ነው። አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሊወጣ፣ ሲነካም ሊያም ይችላል፤ ይህን ያላወቀች ልጅ በሽታ ይመስላታል። ከዚያም የብብትና የብልት አካባቢ ፀጉር፣ የላብ ጠረን፣ ብጉር፣ ድንገተኛ የቁመት መመዘዝ ይከተላል። የወር አበባ የሚመጣው ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ ከ2 እስከ 3 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ አማካዩ ዕድሜ 12 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በ9 ወይም በ10 ዓመቷ የምታይ አለች፤ እስከ 15 የምትቆይም አለች።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ቀላል ነው። የጡት ማጎጥጎጥ ማለት ተፈጥሮ ለእናት የላከችው ማስታወቂያ ነው፤ «ሁለት ዓመት ያህል ጊዜ አለሽ፣ ተናገሪ» የሚል። ወሬው ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ላይ ቢጀመር ቀደመ አይባልም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላት የሚጠብቅ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ደግሞም ስለ ወር አበባ መንገር ማለት ስለ ወንድና ሴት ግንኙነት ሁሉንም በአንድ ቀን መዘርገፍ ማለት አይደለም። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚበቃት ሰውነቷ ሊለወጥ መሆኑን፣ ደም ማየቷ እንደማይቀር፣ እንዳልታመመችና ያኔ ማንን እንደምትጠራ ማወቅ ነው። የቀረው ከዕድሜዋ ጋር ይመጣል። በዚህ የመጀመሪያ ወሬ እናቷን ያመነች ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ለሚመጣውም ከባድ ጥያቄ ወደ እናቷ ትመለሳለች። በዚህ ያፈረች ግን ለዚያኛውም አትመለስም።

ሌሎች ወላጆች «ትምህርት ቤቱ ያስተምራት የለም ወይ?» ይላሉ። ያስተምራታል። በቨርጂኒያ ወላጅ ካልፈለገ ልጁን ከዚህ ትምህርት የማስቀረት መብት በሕግ የተሰጠው ሲሆን፣ አንዳንድ ኢትዮጵያውያን ይህን መብት ይጠቀሙበታል። መብታቸው ነው። ሆኖም ልጅቷን ከክፍል ያስወጣ ወላጅ ትምህርቱን በራሱ ላይ ወስዷል ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ ካላስተማራት ያው ትምህርት በምሳ ሰዓት ከጓደኞቿ አፍ ተዛብቶ ይደርሳታል። ልጁን በክፍል ያስቀመጠ ወላጅም ቢሆን ሁሉ ነገር አለቀለት ማለት አይደለም። አስተማሪዋ ስለ እንቁላልና ስለ ማኅፀን ትነግራታለች። እናቷም በዚያ ዕድሜዋ እንዲሁ ደንግጣ እንደነበር ግን አትነግራትም።

ስለ ሃይማኖት ሥርዓትም እንዲሁ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ከውጭ ቆማ ትጸልያለች። በእስልምናም ሶላት አትሰግድም፣ አትጾምም፣ የረመዳኑን ጾም በኋላ ትከፍላለች። አንድ እሑድ ጠዋት ምክንያቱ ሳይነገራት «አንቺ ዛሬ ውጭ ቁሚ» የተባለች ልጅ እግዚአብሔር የተጸየፋት ይመስላታል። ሥርዓቱን የሚያከብር ቤተሰብ ሥርዓቱን ማስረዳትም ይጠበቅበታል። እናቷም፣ አያቷም፣ ሌሎቹም ሴቶች ሁሉ በተራቸው እንዲያ እንደሚያደርጉ፣ ይህም ቅጣት እንዳልሆነ አስቀድሞ ቢነገራት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ይህን ከአሜሪካ ትምህርት ቤት መጠበቅ አይቻልም።

ታዲያ እንዴት ይጀመር? ብዙ እናቶች የሚቸግራቸው የልጃቸውን ዐይን እያዩ መናገሩ ነው። ለዚህ ከሹሩባ የተሻለ ጊዜ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እናት ከኋላዋ ሆና ፀጉሯን ስትከፍል ሁለቱም ፊት ለፊት አይተያዩም። ልጅቷም ተነሥታ መሄድ አትችልም፤ እናትም እጇ ሥራ ይዟል። «እኔ እንዳንቺ ሳለሁ…» ብሎ መጀመር በቂ ነው። ዐሥር ደቂቃ ተወርቶ ቢቆም ለሚቀጥለው ሹሩባ ይተርፋል። መኪና ውስጥም እንዲሁ ነው። አንድ ትልቅ ስብከት ከማዘጋጀት ብዙ አጫጭር ወሬ ይሻላል። የእናት እንግሊዝኛና የልጅ አማርኛ ባይገጣጠም ተቀላቅሎ ይነገር፤ በዚህ ጉዳይ ሰዋስው የሚያርም የለም።

ከወሬው ጋር አንድ ትንሽ ቦርሳ ይዘጋጅላት። ሁለት ሞዴስና አንድ ትርፍ የውስጥ ልብስ ይዞ ከደብተሯ ጋር የሚቀመጥ። አጠቃቀሙን እናት ከፍታ ታሳያት። በቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሕግ መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሞዴስ ያለ ክፍያ ማቅረብ እንዳለባቸውም ትወቅ፤ ቦርሳዋን ብትረሳ ወደ ነርስ መሄድ ልመና አይደለም።

አባቶችስ? ብዙ አባቶች ልጃቸው ማደግ ስትጀምር ቀስ እያሉ ይርቃሉ። ትናንት ትከሻው ላይ የሚያወጣትን ልጅ ዛሬ እንደ እንግዳ ሰላም ብሎ ያልፋታል። እሱ ይህን የሚያደርገው በአክብሮት ነው፤ ልጅቷ የምታየው ግን አባቷ እንደተዋት ነው። ስለ ሁሉም ነገር መናገር ባይችል እንኳ ግንባሯን መሳሙን አይተው። እናት አገር ቤት ቪዛ የምትጠብቅባቸው፣ ወይም በሞትና በፍቺ የሌለችባቸው፣ አባት ብቻውን የሚያሳድግባቸው ቤቶችም አሉ። እንዲህ ያለው አባት ከሱቅ ሞዴስ ገዝቶ መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጥ ክብሩ አይቀንስም። የሚያምናትን ዘመድ ወይም የቤተሰብ ወዳጅ «አክስት ሁኚልኝ» ብሎ ቢለምን ደግሞ ትልቅ ነገር ሠራ ማለት ነው። ወንድሞቿም በእህታቸው እንዳይቀልዱ ሊነገራቸው ይገባል።

በማኅበርና በልደት ድግስ ላይ የሚሰማው አስተያየትም መታረም አለበት። «ውይ! አደገች እኮ፤ ጡት አወጣች!» ወይም «እንዴት ወፍራለች!» ብለው በሰው ፊት የሚናገሩ ሴቶች ልጅቷን የመረቋት ይመስላቸዋል። በዚህ ዕድሜ ሰውነት መሙላት ተፈጥሮ ነው። ሃያ ሰው እያየ ሲነገራት ግን በሐምሌ ሙቀት ወፍራም ሹራብ ለብሳ የምትውለው ልጅ ለምን እንደምትደበቅ ማወቅ አይከብድም። እናት በዚያች ሰዓት ከልጇ ጋር ሆና «ተያት፤ ደኅና ናት» ብትል የልጅቷ ልብ ያርፋል። ልጅቷም ይህን አትረሳውም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላም አለ። ልጅ በአሥራ አንድና በአሥራ ሁለት ዓመቷ በር ስትዘጋ፣ ስታኮርፍ፣ በትንሽ ነገር ስታለቅስ «አሜሪካ አበላሸቻት» ይባላል። እርግጥ አሜሪካ የምትጠየቅበት ብዙ ነገር አለ። ኩርፊያው ግን ከሰውነት ለውጡ ጋር የሚመጣ ነው፤ ደሴና ደብረ ማርቆስ ያሉ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆችም ያኮርፋሉ። የዕድሜን ጠባይ የአገር ጥፋት ማድረግ ልጅቷን የወላጆቿ ጠላት ወገን አድርጎ መቁጠር ነው። ስድብና ንቀት ሲኖር ይገሠጽ፤ በሯን ዘግታ ብቻዋን መሆን መፈለጓ ግን እንደ ጥፋት አይቆጠርባት።

በመጨረሻም ሐኪም መቼ እንደሚታይ ማወቅ ይጠቅማል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የወር አበባ ጊዜውን ላይጠብቅ ይችላል፤ በ21 ቀን ወይም በ45 ቀን ቢመጣ፣ ከ2 እስከ 7 ቀን ቢቆይ የሚያስደነግጥ አይደለም። ነገር ግን ጡት ከ8 ዓመት በፊት ካጎጠጎጠ፣ የወር አበባ እስከ 15 ዓመት ካልመጣ፣ ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ሞዴስ በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ የሚያስቀይር ከሆነ፣ ወይም ቁርጠቱ ከትምህርት ቤት የሚያስቀራት ከሆነ ሐኪም ይጠየቅ። ብዙ ደም የሚፈሳት ልጅ የደም ማነስ ሊይዛት ይችላል። ሐኪም ቤት ሲኬድ ግን ልጅቷ ስለ ራሷ ሰውነት ለእናቷ አስተርጓሚ እንዳትሆን። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ብቻ ይበቃል። ለዓመታት የቤቱን ወረቀት ሁሉ ስትተረጉም የኖረች ልጅ ቢያንስ በዚህ አንድ ጉዳይ ልጅ ብቻ ሆና መቀመጥ ይገባታል።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለዚህ ግን አይሠራም። እናት ዝም ስትል ዝንቡ ወደ ልጅቷ ጆሮ ይሄዳል። በዚህ አገር በየሳምንቱ ልጆች አማርኛ እንዲማሩ፣ መዝሙርና ቁርዓን እንዲያጠኑ፣ እስክስታ እንዲለምዱ ወላጆች ከሰንበት ዕረፍታቸው ቀንሰው ይመላለሳሉ። ይህ ሁሉ ድካም ልጆቹ ከወላጆቻቸው እንዳይርቁ ነው። ልጅ ከእናቷ መራቅ የምትጀምረው ግን ብዙ ጊዜ ቋንቋ በመርሳት ሳይሆን፣ በፈራች ቀን የምትጠይቀው ሰው በማጣት ነው። አክስቷ ከሌለች እናት አክስትም መሆን ይኖርባታል። ለዚህ ደግሞ ማበጠሪያና አንድ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።